«ደህንነቱ በሂሳብ ተረጋግጧል» ሲሏችሁ፣ የቱ ነው የተረጋገጠው በሉ

ስልክ አምራቾችና የመልእክት አፖች ከቅርብ ዓመታት ወዲህ አንድ አባባል ማዘውተር ጀምረዋል፦ «ደህንነቱ በሂሳብ ተረጋግጧል»። አፕል በፌብሩዋሪ 2024 ለአይሜሴጅ አዲስ ምስጠራ ይፋ ሲያደርግ፣ ስዊዘርላንድ ያለው የኢቲኤች ዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሂሳብ ሞዴል እንደፈተሹት አብሮ ተናግሯል። ሲግናል በ2023 ያወጣው አዲስ ፕሮቶኮልም በተመሳሳይ መንገድ ተፈትሿል። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ደስ ይላል። እኛም ጥሩ ዜና ነው ብለን እናምናለን።

ግን አንድ ነገር እናስታውሳችሁ። ሁላችንም የምንጠቀመው ዋይፋይ ላይ ያለው ምስጠራም «ተረጋግጧል» ተብሎ ነበር። ማረጋገጫው የታተመው በ2005 ነው። በ2017 አንድ የቤልጂየም ተመራማሪ እዛው የተረጋገጠው ቦታ ላይ ቀዳዳ አገኘበት። በጊዜው ዋይፋይ ያለው ስልክ፣ ላፕቶፕና ራውተር ሁሉ ማለት ይቻላል ተነካ።

ታዲያ የሂሳብ ማረጋገጫው ስህተት ነበር? አልነበረም። ማረጋገጫውም ትክክል ነው፣ ጥቃቱም እውነት ነው። ይሄ እንዴት ሊሆን እንደሚችል የገባው ሰው ከዚህ በኋላ «ተረጋግጧል» የሚለውን ቃል በሌላ ጆሮ ነው የሚሰማው። የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚህ ነው።

መጀመሪያ፦ ሞዴል ሲባል ምንድን ነው?

ከመገናኛ ታክሲ ተሳፍራችሁ ወደ ሜክሲኮ እየሄዳችሁ ስልክ እያወራችሁ ነው እንበል። መንገድ ላይ ስልካችሁ አንዱን ታወር እየለቀቀ ሌላውን ይይዛል። እናንተ ምንም አይታወቃችሁም። ከጀርባ ግን ስልኩ፣ የሚለቀው ታወር፣ የሚቀበለው ታወር እና ማዕከሉ በፍጥነት መልእክት ይለዋወጣሉ።

አሁን ጥያቄው፦ ከነዚህ መልእክቶች አንዱ መንገድ ላይ ቢጠፋስ? ሁለቱም ታወሮች «ይሄ ስልክ የኔ ነው» ቢሉስ? ሁለቱም «የኔ አይደለም» ቢሉስ? አንዱ ዘግይቶ ቢደርስስ?

ይሄን ሁሉ በሙከራ ብቻ ማወቅ አይቻልም። አንድ ሺህ ጊዜ ሞክራችሁ ሠርቶ፣ አንድ ሺህ አንደኛው ላይ ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ የኮምፒውተር ሳይንስ ሰዎች ሌላ መንገድ መረጡ። ሥርዓቱን በወረቀት ላይ በሂሳብ ቋንቋ ይጽፉታል፦ ማን አለ፣ ማን ለማን ምን ይልካል፣ መልስ ሲመጣ ምን ያደርጋል። ከዚያ «መጥፎ ነገር የሚፈጠርበት መንገድ አለ ወይስ የለም?» ብለው ይጠይቃሉ። የሚፈትሹት የሞከሩትን ብቻ ሳይሆን ሊሆን የሚችለውን ሁሉ ነው።

ለተንቀሳቃሽ ስልክ የሚሆን እንዲህ ያለ ቋንቋ የመጣው በ1992 ነው። ሮቢን ሚልነር፣ ዮአኪም ፓሮው እና ዴቪድ ዎከር ፓይ ካልኩለስ የተባለ የሂሳብ ቋንቋ አሳተሙ። ከዚያ በፊት የነበሩት ቋንቋዎች ማን ከማን ጋር እንደሚገናኝ አስቀድመው ቆርጠው ያስቀምጡ ነበር። ይሄኛው ግን የመገናኛ መስመሩ ራሱ እንደ መልእክት እንዲላክ ፈቀደ። ታክሲው ውስጥ ያለው ስልካችሁ የሚያደርገው ይሄንኑ ነው፤ የድሮው ታወር «ከአሁን በኋላ በዚህ መስመር አውራ» ብሎ አዲሱን መስመር ይሰጠዋል። በዚያው ዓመት ፓሮው ከፍሬድሪክ ኦራቫ ጋር ሆኖ የ2ጂውን የታወር ርክክብ በዚህ ቋንቋ ጽፎ ትክክለኛነቱን ፈትሿል።

አጥቂውም ሞዴሉ ውስጥ ይገባል

የስልክ ወሬ በአየር ላይ ነው የሚሄደው። አየር ደግሞ አጥር የለውም። ስለዚህ ሞዴሉ ውስጥ አጥቂም ይጻፋል። ያውም ጉልበተኛ አጥቂ። ዳኒ ዶሌቭ እና አንድሪው ያኦ በ1983 ባስቀመጡት መንገድ፣ ይሄ አጥቂ በአየር ላይ ያለውን ሁሉ ይሰማል፣ የፈለገውን ያግዳል፣ የድሮውን መልሶ ይልካል፣ አዲስ ፈጥሮ ይልካል። የማይችለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ቁልፉ ሳይኖረው ምስጠራ መፍታት። እንዲህ ያለውን አጥቂ የቻለ ፕሮቶኮል ካፌ ውስጥ አጠገባችሁ ተቀምጦ ላፕቶፑን የከፈተውንም ይችላል ተብሎ ይታሰባል።

ይሄ ዘዴ ጥርስ እንዳለው ያሳየ አንድ ታሪክ አለ። ኒድሃም እና ሽሮደር የተባሉ ተመራማሪዎች በ1978 ሁለት ወገኖች እርስ በርስ የሚተዋወቁበት ፕሮቶኮል አወጡ። በጣም አጭር ነው፤ ዋናው ክፍል ሦስት መልእክት ብቻ ነው። ብዙ ሰው አነበበው፣ ብዙ ሰው አስተማረበት። በ1995 ጋቪን ሎው ቀዳዳ እንዳለው አሳየ፤ ቀጥሎም በሞዴል የሚፈትሽ ፕሮግራም ያንኑ ጥቃት ራሱ ፈልጎ እንደሚያገኘው አሳየ። 17 ዓመት ሙሉ የሰው ዓይን ያለፈው ነገር ነው። መፍትሔው ምን ነበር መሰላችሁ? አንዱ መልእክት ላይ የላኪውን ስም መጨመር። በቃ።

ስለዚህ «ሂሳብ ምን ያደርጋል፣ ዋናው ሙከራ ነው» የሚል ካለ አንስማማም። ሂሳቡ ሰው የሚስተውን ያያል። ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው።

ዋይፋዩ እንዴት ተሰበረ?

ስልካችሁ ዋይፋይ ላይ ሲገባ ከራውተሩ ጋር አራት መልእክት ይለዋወጣል። ደብሊውፒኤ2 በሚባለው የዋይፋይ መቆለፊያ ውስጥ ይሄ ልውውጥ ሁለቱ ወገኖች ፓስወርዱን እንደሚያውቁ ያረጋግጥና ለዚያ ግንኙነት ብቻ የሚሆን አዲስ ቁልፍ ያወጣል። ሦስተኛው መልእክት ሲደርስ ስልኩ ቁልፉን ሥራ ላይ ያውላል። በአራተኛው «ደርሶኛል» ይላል።

ቁልፉ አብሮት ቆጣሪ አለው። እያንዳንዱ የሚላክ ፓኬት አዲስ ቁጥር ይይዛል። ይሄን እንደ ሱቅ የደረሰኝ ጥራዝ አስቡት። ቁጥሩ ወደፊት ብቻ ነው የሚሄደው፤ አንድ ቁጥር ሁለት ጊዜ ከተቆረጠ ሒሳቡ ይበላሻል። ምስጠራውም እንደዛው ነው። አንድ ዓይነት ቁልፍ ከአንድ ዓይነት ቁጥር ጋር ለሁለት የተለያዩ ፓኬቶች ከዋለ፣ አጥቂው ሁለቱን አስተያይቶ ውስጡን ማወቅ ይጀምራል።

አሁን ጥቃቱ። አጥቂው አራተኛውን መልእክት ያግዳል። ራውተሩ «ያልደረሰው መሰለኝ» ብሎ ሦስተኛውን ደግሞ ይልካል። ስልኩም በታዛዥነት ያንኑ ቁልፍ እንደገና ሥራ ላይ ያውላል፤ ቆጣሪውንም ወደ መነሻው ይመልሳል። ደረሰኙ ከአንድ ጀመረ ማለት ነው! አሁን የሚላኩት ፓኬቶች በተቆረጠ ቁጥር ነው የሚወጡት።

ይሄን ያገኘው በቤልጂየም የሉቨን ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ማቲ ቫንሁፍ ነው። በኦክቶበር 2017 ክራክ በሚል ስም ይፋ አደረገው። አንድሮይድ 6 እና ከዚያ በላይ የነበሩ ስልኮች ላይ ደግሞ ብሶ ነበር፤ በድጋሚ የሚገባው ቁልፍ ዜሮ በዜሮ ይሆን ነበር። አጥቂው በአካል ከዋይፋዩ አቅራቢያ መሆን ነበረበት፤ ፓስወርዱንም አያገኝም። ቢሆንም ስህተቱ የአንድ ካምፓኒ አልነበረም። ስታንዳርዱ ራሱ ላይ ነበር። ስታንዳርዱን በትክክል ተከትሎ የሠራ ሁሉ ተጋለጠ።

እና የ2005ቱ ማረጋገጫስ?

እሱ ያረጋገጠው «ቁልፉ ከሁለቱ ወገኖች ውጭ ለማንም አይወጣም» የሚለውን ነው። ይሄ እውነት ነው። በክራክ ጥቃትም ቁልፉ ለአጥቂው አልወጣም። ሞዴሉ ውስጥ ያልተጻፈው ግን ቁልፉ መቼ ሥራ ላይ እንደሚውል፣ ስንት ጊዜ እንደሚውል እና ቆጣሪው ምን እንደሚሆን ነው። ስላልተጻፈ አልተፈተሸም።

ነገሩ የቤት ፕላን ይመስላል። መሐንዲሱ «ግድግዳው ይሸከማል» ብሎ ቢፈርም ስለ ግድግዳው ነው የፈረመው። ፕላኑ ላይ ስላልተሳለው መስኮት ምንም አላለም። ሌባው ደግሞ ፕላን አያነብም፤ ቤቱን ነው የሚዞረው።

ደግነቱ ታሪኩ እዚያ አላበቃም። በ2020 ካስ ክሬመርስ እና ባልደረቦቹ ጀርመን ውስጥ አዲስ ሞዴል ሠሩ። ቁልፉ እንደገና መግባቱን፣ ቆጣሪው መመለሱን ሁሉ ጨምረው ጻፉ። ጥገናው የተደረገለት ዋይፋይ ይሄን ጥቃት እንደሚከላከል አሳዩ። ሞዴሉ ሰፋ፣ ማረጋገጫውም ክብደት አገኘ።

ወደ ሲማችን እንምጣ፦ 5ጂ

ኢትዮ ቴሌኮም በሜይ 2022 አዲስ አበባ ላይ 5ጂን በሙከራ ደረጃ ሲጀምር፣ የመጣው ዓለም ሁሉ የሚጠቀምበት ስታንዳርድ ነው። ስታንዳርዱን የሚያወጣው 3ጂፒፒ የተባለው ዓለም አቀፍ ጥምረት ነው። ስለዚህ ስለ 5ጂ የሚባለው ነገር ለእኛም ስልክ ይሠራል።

በ2018 የኢቲኤች ዙሪክ ተመራማሪዎች ከፈረንሳይና ከስኮትላንድ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው፣ ስልክና ኔትወርክ የሚተዋወቁበትን የ5ጂ ፕሮቶኮል ታማሪን በተባለ ፕሮግራም ፈተሹት። በመቶዎች ከሚቆጠሩ የስታንዳርዱ ገጾች ውስጥ ሞዴሉን ለቅመው አወጡ። ሁለት ያገኟቸውን ነገሮች ብቻ እንንገራችሁ።

አንደኛው፣ ሒሳብ መደባለቅ። ሥራ የበዛበት ካፌ አስቡ። ሁለት ጠረጴዛ በአንድ ጊዜ ያዛል፤ አስተናጋጁ ግን የጠረጴዛ ቁጥር አልጻፈም። የእናንተ ማክያቶ የጎረቤት ሒሳብ ላይ ይገባል። የ5ጂ ስታንዳርድ በዚያን ጊዜ፣ በኔትወርኩ ውስጥ የሚሄደው መልስ ለየትኛው ጥያቄ እንደሆነ የሚያስረውን ግዴታ በግልጽ አላስቀመጠም ነበር። በዚህ ክፍተት አንድ ሰው ኔትወርኩን ተጠቅሞ ሒሳቡ ሌላ ሰው ላይ እንዲቆጠር ማድረግ ይቻል ነበር። ስታንዳርዱን የሚሠራ ካምፓኒ በራሱ አስቦ ቁጥሩን ከጨመረ ችግር የለም። ካላሰበስ?

ሁለተኛው፣ መከታተል። 5ጂ ከበፊቶቹ የተሻለበት አንዱ ነገር የሲማችሁን ቋሚ መለያ መደበቁ ነው። ድሮ መለያው አንዳንዴ በግልጽ በአየር ላይ ይሄድ ነበር። ግን ሞዴሉ ሌላ በር አሳየ። አንድ ሰው ትናንት ቤታችሁ በር ላይ ቆሞ የተነገረውን የይለፍ ቃል ሰምቶ ያዘ እንበል። ዛሬ በሰፈሩ እየዞረ በየበሩ ያንኑ ቃል ይናገራል። ሌሎቹ ቤቶች «አላውቅህም» ይሉታል። እናንተ ግን «ይሄ እኮ የትናንቱ ነው» ትሉታላችሁ። ማንም በር አልከፈተለትም። ግን የትኛው ቤት የእናንተ እንደሆነ አወቀ!

ስልኩም እንደዚያ ነው። ከዚህ በፊት ለእናንተ ስልክ የተላከ መልእክት ተቀድቶ እንደገና ሲላክ፣ የእናንተ ስልክ አንድ ዓይነት የስህተት መልስ፣ የሌላ ሰው ስልክ ደግሞ ሌላ ዓይነት ይመልሳል። ስምም ስልክ ቁጥርም ሳያስፈልገው፣ አጥቂው «ያ ስልክ አሁን እዚህ አካባቢ አለ» ማለት ይችላል። ይሄ ለጋዜጠኛ፣ ከሚያስፈራራት ሰው ለምትሸሽ ሴት፣ ለማንም ቀላል ነገር አይደለም።

ተመራማሪዎቹ ግኝታቸውን ለ3ጂፒፒ አሳውቀዋል። ለእኛ ግን ትልቁ ቁም ነገር ሌላ ነው፤ ፍተሻው የመጣው ስታንዳርዱ ከተጻፈ በኋላ ነው።

ከፕላኑ ውጭ የቀሩት

ሞዴል ሁልጊዜ የሆነ ነገር ይተዋል። መተው አለበት፤ ያለዚያ ሞዴል አይሆንም። ጥያቄው የተተወው ነገር ማንን ይጎዳል ነው።

ጊዜ ይተዋል። ደብሊውፒኤ3 የተባለው አዲሱ የዋይፋይ መቆለፊያ በ2018 ይፋ ሆነ። በ2019 ይኸው ቫንሁፍ ከኢያል ሮነን ጋር፣ አንዳንድ ራውተሮች መልስ ለመስጠት የሚወስዱባቸው ጊዜ ስለ ፓስወርዱ ፍንጭ እንደሚሰጥ አሳዩ። የመልእክቱን ይዘት ብቻ የሚያይ ሞዴል የእጅ ሰዓት የለውም።

አሮጌውን ኔትወርክ ይተዋል። በ2ጂ ስልኩ ለኔትወርኩ ማንነቱን ያረጋግጣል፤ ኔትወርኩ ግን ለስልኩ አያረጋግጥም። ስለዚህ የሐሰት ታወር ሊቆም ይችላል። 3ጂ ይሄን አስተካከለ። ግን ስልካችሁ ዛሬም 2ጂ የሚቀበል ከሆነ፣ አጥቂው የላይኛውን ሲግናል አውኮ ወደ ታች ሊያወርዳችሁ ይሞክራል። የ5ጂ ማረጋገጫ ብቻውን እዚህ ጋ አያድናችሁም።

ሰውንም ይተዋል። ይሄ ነው የኛ አገር ጉዳይ። በሞዴሉ ውስጥ «የሚስጥር ኮዱን የሚያውቀው ባለቤቱ ብቻ ነው» ተብሎ ይጻፋል። በእውነተኛው ሕይወት ግን አንድ ሰው ይደውላል፤ «ከድርጅቱ ነው፣ ሽልማት ደርሶዎታል፣ አሁን በስልክዎ የገባውን ቁጥር ይንገሩኝ» ይላል። እናታችን ቁጥሩን ታነብለታለች። ምስጠራው አልተሰበረም። ፕሮቶኮሉ አልተሳሳተም። ማረጋገጫው አሁንም ትክክል ነው። ብሩ ግን ሄዷል። «የኛ ሲስተም አልተጠለፈም» የሚለው መልስ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ግን ስለ ግድግዳው የተሰጠ መልስ ነው። የገባው በመስኮት ነው።

ታዲያ ምን ይሻላል?

የኛ አቋም ይሄ ነው፦ ማረጋገጫው ከሽያጭ በፊት ይምጣ፣ ሞዴሉም ለሁሉም ክፍት ይሁን።

ይሄ ህልም አይደለም፣ ተደርጓል። ብራውዘራችሁና የባንክ አፓችሁ ከሰርቨር ጋር የሚያወሩበት ቲኤልኤስ 1.3 የወጣው በኦገስት 2018 ነው። ገና ረቂቅ ሳለ ተመራማሪዎች በሞዴል እንዲፈትሹት በሩ ክፍት ነበር። በ2016 ክሬመርስና ባልደረቦቹ በታማሪን ሲፈትሹ ሊጨመር በታሰበ አንድ አሠራር ላይ ጥቃት አገኙ። ስህተቱ ማንም ስልክ ላይ ሳይደርስ ወረቀት ላይ እያለ ታረመ። ከዋይፋዩ ጋር አወዳድሩት፤ እዚያ 12 ዓመት ጠብቀን፣ ከዚያ በዓለም ዙሪያ ያለውን መሣሪያ አፕዴት አድርጉ ተባለ። አፕዴት የማይመጣላቸው ርካሽ ስልኮችና አሮጌ ራውተሮች የያዙት ደግሞ በአብዛኛው እንደኛ ያሉ አገሮች ናቸው። ወረቀት ላይ ያልተገኘ ስህተት ዋጋውን የሚከፍለው መጨረሻ ላይ ያለው ተጠቃሚ ነው።

እስከዚያው እናንተ ልታደርጉት የምትችሉት፦

የስልካችሁን አፕዴት አታሳድሩ። ክራክን የዘጋው አፕዴት ነው።

አንድሮይድ 12 እና ከዚያ በላይ ባላቸው አንዳንድ ስልኮች የሲም ቅንብር ውስጥ 2ጂን መዝጋት ይቻላል። ግን ተጠንቀቁ፤ 2ጂ ብቻ የሚደርስበት አካባቢ ከሄዳችሁ ኔትወርክ ታጣላችሁ። ያኔ መልሳችሁ ክፈቱት።

በስልክ ደውሎ ኮድ ለሚጠይቅ ለማንም ኮድ አትንገሩ። ይሄን ለቤተሰብም አስረዱ። ስማርት ስልክ ለሌላቸውም ጭምር።

እና «በሂሳብ ተረጋግጧል» የሚል ማስታወቂያ ስታዩ ሦስት ነገር ጠይቁ። ምኑ ነው የተረጋገጠው? ሞዴሉ ውስጥ ማን ማን አለ? ማን ቀርቷል?

ሦስተኛው ላይ መልሱ «ተጠቃሚው» ከሆነ፣ የቀራችሁት እናንተ ናችሁ።

እናንተስ ምን ታስባላችሁ? ኮድ ንገሩኝ የሚል ስልክ ደርሷችሁ ያውቃል? እንዴት እንዳለፋችሁት ጻፉልን፤ ሌላው ይማርበታል።